አፍንጫው የፈቀደው ሽታ

በማዘጋጃ ቤቱ የፈቃድ ክፍል የሚሠራው ሰውዬ እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው። ከደመወዝ ወረቀቱ ላይ በቀር ግን ማንም አይጠራበትም። ከተማው በሙሉ «አፍንጫው» ነው የሚለው። የሚያከብሩት «ጋሽ አፍንጫው» ይሉታል፤ የሚፈሩት ደግሞ «ኧረ አፍንጫው መጣ!» ብለው ግቢያቸውን ለመጥረግ ይሯሯጣሉ። ስድብ አልነበረም። የሚበላበት ሥራው ነው።

ሳሙና የሚያፈላ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ዶሮ የሚያረባ፣ መኪና ቀለም የሚቀባ፣ ጭሱ ወይም ሽታው ወይም ፍሳሹ ጎረቤት ሊነካ የሚችል ሥራ መክፈት የፈለገ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ማለፍ አለበት። ማዘጋጃ ቤቱ መለኪያ የሚባል መሣሪያ አልነበረውም፤ መሣሪያው እሱ ነበር። ግቢው መሃል ይቆማል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን ቀስ አድርጎ ይስባል። ከዚያ ይወጣና ነፋሱ ወደሚወስድበት ወደ ጎረቤት በር ሄዶ እንደገና ይስባል። ቢሮ ሲመለስ «ይፈቀድ» ወይም «አይፈቀድ» ብሎ ይፈርማል። ኃላፊው ቀና ብሎ ሳያነብ ማኅተሙን ያሳርፍበታል።

አንድ የማይለቃት ደንብ ነበረችው። «ውስጥ ያለውን ሰው አትጠይቅ» ይል ነበር፤ «ውስጥ ያለው ለምዶታል። ከውጭ የሚገባውን ሰው ፊቱን እይ።» ይህንን ለጸሐፊዋም፣ ለዘበኛውም፣ ሻይ ቤት አጠገቡ ለተቀመጠ ሁሉ ሳይጠየቅ ይናገራል። ትንሽ ይኮራ ነበር። ምን ይደረግ፣ ሰው በአንድ ነገር መኩራቱ አይቀርም፤ እሱም የኮራው በአፍንጫው ነው።

ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲጠና ክፉ ጉንፋን ጣለው። ትኩሳቱም ሳሉም ለቀቁት፤ ማሽተቱ ግን አብሯቸው ሄደ። አየሩ ይገባል፣ ይወጣል፤ ይዞት የሚገባው ነገር ግን የለም። ይመለሳል ብሎ ጠበቀ። አንድ ቀን ሚስቱ ድስት ጥዳ ጎረቤት ሄዳ ስትመለስ ቤቱ ባረረ ድስት ሽታ ታፍኗል፤ እሱ እዚያው ከግድግዳው ወዲያ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነባል።

«አንተ ሰውዬ! ምን ሆነሃል?»

«ምነው?»

«ምነው ይለኛል እንዴ! ሰፈሩ ሁሉ ሸትቶት በር ላይ ወጥቷል እኮ!»

ጋዜጣውን አወረደና አያት። ያን ጊዜ ነው የገባት። መስኮቱን ከፍታ፣ ድስቱን ውጭ ወርውራ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጉንፋኑ ወዲህ።»

«በል ነገ ሄደህ ንገራቸው።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ። ያ ነገ ግን ሌላ ነገ ወለደ፣ እሱም ሌላ። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ሲደርስ «እስቲ ቆይ» ብሎ እየቆመ፣ «እኔ እሸታለሁ?» ብሎ ሚስቱን ይጠይቃት ጀመር። እሷም አንገቱ ሥር አሽትታው «አትሸትም፣ ሂድ» ትለዋለች። የከተማውን ሽታ ሲዳኝ የኖረ ሰው የራሱን ማወቅ አቃተው።

ሥራውን ግን አልተወም። በአፍንጫው ፈንታ በዓይኑ ማሽተት ጀመረ። ግቢ ገብቶ እንደ ድሮው ኮፍያውን ያወልቃል፣ ዓይኑን የጨፈነ መስሎ በሽፋሽፍቱ ሥር የሰውን ፊት ያያል። ባለቤቱ ወሬ ካበዛ ይሸታል ማለት ነው። አላፊ አግዳሚው እርምጃውን ካፈጠነ ይሸታል። ዝንብ ካንዣበበ ይሸታል። እግዜር ይስጣቸውና ሰዎች ፊታቸውን መደበቅ አይችሉም። እንዲህ እንዲህ እያለ ፈቀደ፣ ከለከለ፣ ፈረመ፤ የነቃበትም አልነበረም።

ባለሙጫው ያመለከተው በዚህ መሃል ነው። አጥንትና የቆዳ ቁርጥራጭ ቀቅሎ ለአናጢዎች የሚሸጥ ሙጫ ያወጣል። ጥርሱ የማይከደን ሳቂታ ሰው ነው። አፍንጫው ግቢው የደረሰ ቀን ሰማዩ ተቀዶ ይዘንባል፤ መንገዱ ላይ ወፍ የለም። ትልልቅ በርሜሎች በቆርቆሮ ጥላ ሥር እሳት ላይ ናቸው። ከበርሜሎቹ አጠገብ ሦስት ሠራተኛ ሴቶች ቁጭ ብለው ምሳቸውን እየበሉ ይሳሳቃሉ።

«ጋሼ፣ ምሳ!» አለችው አንዷ እጇን ወደ ሳህኑ ዘርግታ።

«ብሉ፣ ብሉ» አለና ኮፍያውን አወለቀ። የባለሙጫውን ፊት አየ፤ እንደ ወትሮው ይስቃል። የሴቶቹን ፊት አየ፤ ሰላም ነው። እዚህ ተቀምጦ ምሳ የሚበላ ሰው ካለማ ምን ሽታ አለ! አለ በልቡ። ከውጭ የሚገባ ሰው መጠበቅ ነበረበት፤ ዝናቡ ግን ኮቱን ዘልቆ ሸሚዙ ላይ ደርሷል። ነፋሱ ወደሚወስድበት ጎረቤት በርም አልሄደም። ስንት ሰው ያስተማራትን ደንብ ለአንድ ኮት ሲል ጣላት። ቢሮ ተመልሶ «ይፈቀድ» ብሎ ፈረመ።

የባለሙጫው ግቢ የጀርባ አጥር ከአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። ሰፊዋ ባሏ የሞተባት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ማሽን የምትኖር ሴት ናት፤ የከተማው ሙሽሮች ቀሚስ የሚያሰፉት እሷ ዘንድ ነበር። የአጥንት እንፋሎት ደግሞ እንደ ሌላ ሽታ አይደለም፤ ጨርቅ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ብታጥበውም ብታሰጣውም አይለቅም። ሴትየዋ ጨርቋን በላስቲክ ጠቀለለች፣ መስኮቷን በቡትቶ ወተፈች፣ በሙቀት ታፍና ሰፋች። ደንበኞቿ ግን ለመለካት መጥተው በር ላይ ቆመው መመለስ ጀመሩ። አመለከተች። ከፈቃድ ክፍል የመጣላት መልስ አጭር ነበር፤ «በተቆጣጣሪ ታይቶ የተፈቀደ ነው።»

ይህ ሳያንስ፣ አንድ ጠዋት አፍንጫው በዚያ መንገድ ሲያልፍ ባለሙጫው ከማዶ ሮጦ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው።

«ይሄ ነው ሰው ማለት!» አለ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ። «ሌላው ቢሆን እኮ ከበር ነበር የሚመልሰኝ። ጋሽ አፍንጫው ግን የሰው ችግር ያውቃል!»

አፍንጫው ነገሩ አልገባውም፤ ፈገግ ብሎ እጁን አስለቀቀ። ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ ሁሉንም አየች።

በሳምንቱ ቢሮ መጣች። እጇ ላይ ነጭ ቀሚስ ይዛለች፤ ሙሽራዋ ሠርጓ ሲቃረብ የመለሰችባት ነው። ማንንም ሳታናግር ገብታ አፍንጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። እሱ አጎንብሶ የሚጽፈው ነገር ነበረው። ቢሮ ውስጥ ነውና የሰው ፊት ማየቱንም ረስቷል፤ ይህን የሚያደርገው ግቢ ለግቢ ሲዞር ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ዘበኛው በሩን ከፍቶታል። ኃላፊው ከውስጥ ክፍል «ምን ሞቶ ነው?» እያለ ወጥቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። አፍንጫው ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየም።

«አሽትተው» አለችው።

ቀሚሱን በሁለት እጁ አነሣው። ሴትየዋን ላክብራት ብሎ፣ እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ጨርቁ ውስጥ ቀብሮ፣ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ቀና ብሎም በዚያ ሰው ሁሉ በሚያምነው ድምፁ፣

«ምንም አይሸትም፣ እህቴ» አላት።

ቀሚሱን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ያኔ ነው ዙሪያውን ያየው። የጸሐፊዋን ሻርፕ፣ የተከፈተውን በር፣ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ኃላፊ።

«ስንት አጎረሰህ?» አለችው ሰፊዋ። አልጮኸችም። እንዲያውም ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ እኮ ጋሼ እያልኩህ ነው የኖርኩት። ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ ፊቴ ላይ እንዲህ ትለኛለህ? ስንት ነው ያጎረሰህ?»

ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው፤ «ማሽተት አልችልም»። አፉ ውስጥ ነበር፤ አልወጣም። ሴትየዋ ቀሚሷን ጠቅልላ ስትወጣ ጸሐፊዋ ከንፈሯን መጠጠች። ለእሱ አልነበረም የመጠጠችው።

የባሰው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ኃላፊው ሊቆጣው ነው ብሎ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ጠርቶ ወንበር ሳበለት።

«ይቀመጡ እስቲ። እኔ አልፈርድብዎትም» አለው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። «ኑሮ ነው። ግን በልክ ይሁን እንጂ ጋሼ! እንዲህ አፍጥጦ የሚወጣውንማ ይተዉት።»

እስከዚያ ቀን ኃላፊው አንድም ጊዜ ወንበር ስቦለት አያውቅም። በማግስቱ አንድ ባለጋራዥ በር ላይ ጠብቆት፣ «እኔም ጉዳይ ነበረኝ፤ አንተ ዘንድ ነገር ይቀላል ሲሉ ሰማሁ» ብሎ ጆሮው ሥር አንሾካሾከ። ሻይ ቤት ከበፊቱ ይልቅ ቦታ ይለቁለት ጀመር። ታማኝ ሳለ ይፈሩት ነበር፤ ሌባ ነው ሲባል ወደዱት። በመንገድ ሲሄድ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር። ግን ዝም አለ። ጉቦኛማ ስንቱ ነው፣ ብቻዬን አይደለሁም እያለ ራሱን አጽናና። ማሽተት የማይችል «አፍንጫው» ግን በከተማው እሱ ብቻ ነው። ያ ሳቅ ገና ሳይመጣ ጆሮው ውስጥ ይሰማዋል።

ሴት ልጁ ዳቦ ቤት ዳቦ ትሸጣለች። ዳቦ ቤት ደግሞ የማይወራ ወሬ የለም። አንድ ምሽት ራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ በላህ?»

«እየበላሁ ነው።»

«እሱን አይደለም የምልህ።»

ሚስቱ ከጓዳ ስትወጣ እጇ ላይ ያለውን ሰሃን እንደያዘች ቆመች።

«አልበላሁም» አለ። «ሳንቲም አልነካሁም።»

«እንግዲያው አይሸትም? እኔ እኮ በዚያ በኩል ሳልፍ ትንፋሼን ይዤ ነው የምሮጠው። አንተ ምን ሆነህ ነው አይሸትም ያልከው?»

አንገቱን ደፋ። ልጅቷ ጠበቀች። ጠብቃ ጠብቃ ተነሣችና ወደ መኝታዋ ሄደች፤ ስታለቅስ በግድግዳው ውስጥ ይሰማ ነበር።

«ይኸው» አለች ሚስቱ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አኑራ። «አባቴ ሌባ ነው ብላ ከምታለቅስ፣ አባቴ አፍንጫው ሞቷል ብላ ብትስቅ አይሻልህም ነበር? እኔ እንደሆን ደክሞኛል። አንገትህን ማሽተትም ደክሞኛል።»

በማግስቱ ወደ ቢሮ አልሄደም፤ ወደ ሰፊዋ ቤት ሄደ። በሯ ክፍት ነው። ማሽኑ አቧራ እንዳይነካው ተሸፍኗል፤ ጨርቆቹ በላስቲክ ተጠቅልለው እንደታሰሩ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የድሮ ልብስ ቁልፍ ትፈታለች። ስታየው አልተነሣችም።

«ምን ቀረህ? ማሽኑን ልትወስድ ነው?»

«ማሽተት አልችልም» አለ፣ በር ላይ እንደቆመ። «ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ቀሚስሽም አልሸተተኝም። ሳንቲም አልበላሁም።»

ተነሥታ ማሽኑ ሥር አጎነበሰችና ትንሽ ጠርሙስ አንሥታ፣ ክዳኑን ከፍታ አፍንጫው ሥር ደቀነችበት።

«ይሄ ምንድነው?»

ሳበ። ፊቷን ሊያይ ሞከረ፤ ፊቷ ግን እንደ ድንጋይ ነው።

«ውሃ… ነው?»

«ቤንዚን ነው፤ የማሽን መጥረጊያ!» አለችና ሳቅ አፈናት። በርጩማው ላይ ተመልሳ ወድቃ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ወይ ጉድ! አፍንጫው! ቤንዚን ነው እኮ!» ያ ሲፈራው የኖረው ሳቅ ይኸው መጣ። የፈራውን ያህል አልነበረም፤ እሱም ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ወዲያው ሳቋ ተቋረጠ። ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«እና ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«አንተ አፈርክ» አለች፣ ጠርሙሱን እየከደነች። «የከሰርኩት እኔ ነኝ።»

ቢሮ እስኪደርስ ያቺ ንግግሯ ጫማው ውስጥ እንደገባ ጠጠር ስትወጋው ሄደች። ጸሐፊዋና ዘበኛው እንዲሰሙ ሆን ብሎ በሩን ሳይዘጋ ለኃላፊው ተናገረ። ኃላፊው አፉን ከፍቶ ሰማውና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ጋሼ፣ ምነው ጉቦ በሆነ!» አለ። «ለጉቦ እኮ ማስጠንቀቂያ ጽፌ አንዱን ፈቃድ ሰርዤ እገላገል ነበር። አሁን ምን ልበል? ካለፈው ብርድ ወዲህ የፈረሙት ሁሉ ሊታይ ነው? ከተማው በሙሉ?»

«ሁሉም መታየት አለበት» አለ አፍንጫው።

ታየ። አዲስ ተቆጣጣሪ ተቀጠረች፤ ጨዋ፣ ነገረ ሥራዋ ቀስ ያለ ወጣት ሴት ናት። እሱ ወደ መዝገብ ቤት እንዲዛወር ተወሰነ፤ ከዚያ በፊት ግን የፈቀደውን ሁሉ እየዞረ እንዲያሳያት ታዘዘ። ከዚህ የከፋ ቅጣት ፈልገው ቢያጡ አይገርምም። በየግቢው እሷ ትቆማለች፣ ትስባለች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ፊቷን ያያል። አንዳንዱ ቦታ ፊቷ ሰላም ይሆናል፤ ያኔ እሱም ይተነፍሳል። አንዳንዱ ቦታ ቅንድቧ ይሰበሰባል።

«ጋሼ፣ ይሄንንም እርስዎ ነዎት የፈቀዱት?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ» ትላለች ቀስ ብላ። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

የባለሙጫው ግቢ የመጨረሻው ነበር። ከበሩ ሳትደርስ፣ ገና መንገድ ላይ ሳለች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከውጭ የሚገባ ሰው ፊት ማለት ይህ ነበር። ያን ዝናባማ ቀን ትንሽ ቢታገሥ ያየው የነበረው ፊት።

ባለሙጫው ያን ዕለት አልሳቀም። «መጀመሪያ ከከተማ ውጭ ሂድ ብትለኝ እሄድ ነበር» አለው። «ቦታም አይቼ ነበር። በርሜሎቼን በግንብ ካስገነባሁ በኋላ ነው የምታፈርሰኝ? እኔ እኮ ሰው ነው ብዬህ ነበር!» ከሴቶቹ አንዷ፣ ያቺ ምሳ ያለችው፣ ሳህኗን በጨርቅ እያሰረች፣ «እኛንስ አሁን ማን ያሠራናል?» አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው፤ እሱ ግን ለእሱ እንደሆነ አወቀ። አንድ ፊርማ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲህም ወዲያም ሰው ጎዳ።

ልጁ ነገሩን ከሰማች ወዲህ ታናግረዋለች። አትስቅበትም፤ ዳቦ ስታመጣለት «ትኩስ ነው አባዬ፣ ይሸታል» ትልና ምን እንዳለች ሲገባት ትደነግጣለች። ሻይ ቤት ግን ይሳቃል። አንዱ ኮካ ገዝቶ «ጋሽ አፍንጫው፣ እስቲ አሽትተህ ፍቀድልኝ» ይላል። ይችለዋል። ለኃጢአቴ ነው ይላል በልቡ።

በርሜሎቹ ከፈረሱ በኋላ ጊዜ አለፈ። አንድ ቀን የኮቱ ገበር ተተርትሮበት ወደ ሰፊዋ ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ የነበረው ቡትቶ ወልቋል። ማሽኑም ይንቀሳቀሳል፤ ግን ወፍራም ማዳበሪያ ጆንያ ነው የምትሰፋው። ነጭ ነገር በቤቱ ውስጥ የለም።

«ሽታው ለቀቀ?» አላት።

«እሱማ ለቀቀ» አለች ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። «ስሙ ነው ያልለቀቀው። ሙሽሮች እናቶቻቸውን ይዘው ወደ ላይኛው ሰፈር ነው የሚሄዱት። እኔን "ያቺ የምትሸተዋ ሰፊ" ይሉኛል። አንተን አንዱን ስም ሲነጥቁህ እኔ አንዱን አገኘሁ።»

ኮቱን አውልቆ በሁለት እጁ ዘረጋላት። «ገበሩ ነው» አለ።

ማሽኑን አቁማ ተቀበለችው። ከዚያ ወዲህ የመጣባት ልማድ ነው፤ ጨርቅ ሲገባም ሲወጣም ሳታሸት አታልፈውም። ኮቱን ወደ ፊቷ አስጠጋች፣ ቀስ አድርጋ ሳበች። እሱ በሸሚዙ ብቻ ቆሞ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እንደ ልማዱ ፊቷን አየ። ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን፣ የከንፈሯን ጫፍ እየዞረ አየ። ፊቷ ግን ምንም አልነገረውም።

«ሐሙስ ና» አለችና ኮቱን ከጆንያዎቹ ላይ አኖረችው።